የጋሼ ምላስና የቻይናው መድኃኒት

ሰኞ

ውጤቱ መጣ። ዶክተሯ ከጅማ ስትደውል መድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ለአንዲት እናት የሳል ሽሮፕ እያወረድኩ ነበር። «ከምላሱ ላይ የተቆረጠችው ሥጋ የምላስ ካንሰር አይደለችም» አለችኝ። ልቤ ዘለለ። እሰይ ልል አፌን ከፈትኩ። ቀጠለችና «የኩላሊቱ ናት» አለች።

ሽሮፑን ሰጠሁ። አወሳሰዱን ነገርኳት። መልሷን መለስኩላት። እንዴት እንዳደረግኩት አላውቅም።

ጋሼ አስራት ታላቅ ወንድሜ ነው፤ አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝም ያስተማረኝም እሱ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ ግራ ኩላሊቱ ከነዕጢው ወጣ። «ከሥሩ ተነቅሏል» ተባልን፤ ስለታችንን አስገባን፤ ረሳነው። ዘንድሮ ከመስቀል በኋላ ምላሱ ጠርዝ ላይ ቀይ እብጠት ወጣ። ጥርሱ ነክሶት ነው አልን። ከዚያ መድማት ጀመረ። ጅማ ወሰድኩት፤ ቆርጠው ለምርመራ ወሰዱ።

የኩላሊት ካንሰር ወደ ሳንባ እንደሚሄድ ተምሬአለሁ። ወደ አጥንት፣ ወደ ጉበትም ይሄዳል። ወደ ምላስ? ዶክተሯም «እኔም አነበብኩት እንጂ አጋጥሞኝ አያውቅም» አለችኝ። ባታውቀው ይሻለኝ ነበር ወይስ ማወቋ?

ምላሱ! ከሰውነቱ ሁሉ ምላሱን። ጋሼ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነው። ከካፊኖኖ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ካፊኖኖ፤ ቦንጋም፣ ችሎቱ ወደ ገጠር ሲወጣ ዋጫም።

ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ሲጠይቀኝ «ገና ነው» አልኩት። አየኝ።

ማክሰኞ

ለእትዬ አበባ ነገርኳት። ሚስቱ ናት፤ ለእኔ እናቴም ናት። ጓሮ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። አልጮኸችም። ጎመኑን መቀንጠሷን ቀጠለች፤ ከዚያ ቅጠሉንም ግንዱንም አንድ ላይ ታጎርሰው ጀመር ቅርጫቱን። «እንዳትነግሪው» አለችኝ። «ከነገርሽው በሽታው ሳይሆን ወሬው ይገድለዋል።»

ስልኬ ላይ አነበብኩ፤ ዓይኔ እስኪቀላ። እንዲህ ያለ መዛመት ሲያጋጥማቸው ሐኪሞች አንዳንዴ ይጽፉታል። አንድ ሰው፣ አንድ ጽሑፍ። «አንድ ሕመምተኛ መጣልን» ብለው ይጀምራሉ። የብዙዎቹ መጨረሻ አጭር ነው፤ ወደ መጨረሻው ስደርስ ስልኩን እገለብጠዋለሁ። ከቻይና የሚጻፉ አንዳንዶቹ ግን ከሆስፒታሉ መድኃኒት ጋር የአገራቸውን የባህል መድኃኒት፣ ሥሩንም ቅጠሉንም አፍልተው እንደሚሰጡ ይናገራሉ። ሰውየው ከታሰበው በላይ ቆየ የሚል ዓረፍተ ነገር ሳገኝ ደግሜ ደግሜ አነበዋለሁ።

ሁለቱንም ከወሰደ የትኛው ነው ያቆየው? ምንም ሳይወስዱ የሚቆዩስ የሉም? ጠጥተው የሞቱትንስ ማን ጻፋቸው? ትምህርቴ ይህን ሁሉ ይጠይቃል። ልቤ ግን አይጠይቅም። ልቤ «የት ይገኛል?» ብቻ ነው የሚለው።

ረቡዕ

ነገርኩት።

አላስቻለኝም። እሱም አላስቻለውም፤ ከሥራ ስመለስ በር ላይ ጠበቀኝ። ቃሉ ትንሽ ይወላገዳል፤ እብጠቱ ጥርሱን ሲነካበት ያማል። «ሰው ዕድሜ ልክ ሲፈረድበት ዓይን ዓይኑን እያየሁ የተረጎምኩለት እኔ ነኝ» አለኝ። «አንዲት ቃል ቀንሼ አላውቅም። አንቺ ለእኔ ልትቀንሺ ነው?»

እንዳለ ነገርኩት። አጥሩን ይዞ ቆመ። ጎረቤት ሰላም ሲለው አጸፋውን በእጁ መለሰ። ከዚያ «ኩላሊቱ ወጥቶ የለም እንዴ? ከየት መጣ?» አለኝ። በደም ሊሄድ እንደሚችል፣ ተኝቶ ሊቆይ እንደሚችል ነገርኩት። «ተኝቶ» አለ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ስበላ ስጠጣ፣ እሱ ተኝቶ።»

ከዚያ ያላሰብኩት ነገር መጣ። ቤት ገብተን እትዬ ከፔርሙዝ ቀዳችለት። ሻይ መስሎኝ ነበር። ሽታው ግን ሻይ አይደለም፤ የሬት ዓይነት፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ ከረመ እንጨት። ብርጭቆውን ከእጁ ተቀበልኩት። ቡናማ፣ ዝቃጭ ያለው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

እትዬ የፔርሙዙን ክዳን አጥብቃ ዘጋች።

«የቻይና ነው» አለች እትዬ በመጨረሻ። የአክስቷ ልጅ ከአዲስ አበባ ያመጣላት። ቤቷ ውስጥ የምትሸጥ ሴት አለች፤ ለካንሰር ነው ብላለች። ስም የለው፣ ወረቀት የለው፣ በላስቲክ የታሰረ ዱቄት። መጠጣት የጀመረውም አሁን አይደለም፤ ካንሰር ይሆናል ብለው ፈርተው፣ ከጅማ መጥተን ውጤት መጠበቅ ከጀመርን ወዲህ ጠዋትና ማታ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አንቺ ትከለክያለሽ ብለን» አለ ጋሼ። «ይሄን ከጀመርኩ ወዲህ እህል ይጣፍጠኛል፤ ደሙም ቀንሷል።»

ደሙ መቀነሱ እውነት ነው። እኔም አይቻለሁ። በዚያ ላይ ምን ልበል? ትናንት ስልኬ ላይ ስፈልገው የዋልኩት ነገር ፔርሙዝ ውስጥ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ያለው አንድ ኩላሊት ነው።

ሐሙስ

ጠዋት ደሙን አስቀዳሁት። የምርመራውን ወረቀት ሳየው እዚያው የላቦራቶሪው አግዳሚ ላይ ቁጭ አልኩ። ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚከማች ነገር አለ፤ ክሪያቲኒን ይባላል። ጅማ ስንሄድ ደህና ነበር። አሁን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ለዶክተሯ ደወልኩ። ስለ ዱቄቱም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም።

«ዱቄቱ ነው ብዬ መማል አልችልም» አለችኝ። «ምላሱ ስላመመው ውኃ አይጠጣ ይሆናል፤ ደምም ፈሶታል። ግን ኩላሊት የሚገድሉ ሥሮች እንዳሉ የታወቀ ነው፤ የቻይናም፣ የእኛም። ውስጡ ያለው ካልታወቀ አንድ ኩላሊት ላለው ሰው አይሰጥም። አስቁሚው።»

«ግን እኮ እየበላ ነው ዶክተር። ደሙም ቀንሶ ነበር።»

«አውቃለሁ። እንዲህ ያለው እብጠት አንዳንዴ ደሙን ይተውና እንደገና ይጀምራል። ስለረዳው ይሁን በራሱ ይሁን ማንም አይነግርሽም። እኔ የምፈራው ሌላ ነው፤ ኩላሊቱ ከወደቀ እኛ ልንሰጠው ያሰብነውም መድኃኒት ያስቸግረናል።»

መድኃኒቱ ገና እየተፈለገ ነው። የምላሱ የጨረር ሕክምናም ተራ አለው፤ ደሙን ያደርቃል ብለው ተስፋ አድርገዋል። እንደውላለን አሉ።

እንግዲህ ሂጂና ወንድምሽን ያለችውን አንድ ተስፋ ቀሚው።

ዓርብ

ነገርኩት። ወረቀቱን አሳየሁት፤ የፊተኛውንም የአሁኑንም። መነጽሩን አድርጎ አያቸው።

«ያንቺ ምስክር አንድ ነው» አለኝ። ደሙ መቀነሱ፣ ምግብ መጣፈጡ፣ ይሄ ሁሉ ለዱቄቱ ይመሰክራል፤ ያንቺ ወረቀት ብቻ በተቃራኒው ቆሟል ማለቱ ነው። ሰውየው ካንሰር ይዞትም ይከራከራል!

«ውኃ ብዙ ጠጣ፤ ዱቄቱን ለጥቂት ቀን ተወው፤ ከዚያ ደግመን እንለካ። ቁጥሩ ከወረደ እናውቃለን።»

«ደሙ ከተመለሰስ?»

እትዬ ከጓዳ ወጥታ «አንቺ የምትሸጪውን ኪኒን ሁሉ ውስጡን አይተሽዋል?» አለችኝ። እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ዝናብ ያዘኝ፤ አልሸሸሁትም። ፊቴ እንዲረጥብ ምክንያት አገኘሁ።

ግን ከመውጣቴ በፊት ከዱቄቱ ትንሽ ቆንጥሬ በወረቀት ቋጥሬአለሁ።

ቅዳሜ

አቶ ዋንግ ጋ ሄድኩ። የመንገድ ሥራው ካምፕ ውስጥ የማሽኖች ኃላፊ ነው፤ ለጨጓራው መድኃኒት የሚገዛው ከእኛ ነው። በቦንጋ የማውቀው ቻይናዊ እሱ ብቻ ነው። ሞኝነት እንደሆነ አውቃለሁ። ሐበሻ ሁሉ ስለ ኮሶ ያውቃል እንደማለት። ግን ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም።

በባጃጅ እስከ ካምፑ በር። ዘበኛው አስጠራልኝ። ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጣ። ወረቀቱን ፈታሁለት። አሸተተ፤ በጣቱ ነካ አድርጎ ምላሱ ጫፍ ላይ አደረገ፤ ተፋው።

«ይሄ አንድ አውቃለሁ። ጣፋጭ ሥር፣ ሾርባ ውስጥ እናቴ ታደርጋለች። ሌላ... አላውቅም። ብዙ አለ።» ትከሻውን ሰበቀ። «እኔ መንገድ ነኝ። ዶክተር አይደለም።»

ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ በምልክትም በአማርኛም፤ ኩላሊት የሚለውን ሳይገባው ሲቀር ወገቤን አሳየሁት። አንድ ጣቴን አወጣሁ፤ አንድ ብቻ። ያን ጊዜ ፊቱ ተለወጠ።

«እኔ አገር ሐኪም አለ፣ ባህል ሐኪም። እጅ ይይዛል፣ ምላስ ያያል፣ ብዙ ይጠይቃል። ከዚያ ለዚህ ሰው፣ ይሄ። ለዚያ ሰው፣ ሌላ። ይሄ ማን አየው? ወንድምሽን አየ?»

«ማንም አላየውም።»

«አባቴ ሳንባ ነበር። ጠጣ። ሞተ። አክስቴ ጡት ነበር። ሆስፒታልም ሄደች፣ ጠጣችም። አለች፤ ትጮኻለች አሁንም።» ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወው። «እኔ ወንድም ቢሆን፣ ይሄን አልሰጥም። ስም የለውም።»

አመሰገንኩት። ምን ይዤ ተመለስኩ? አላውቅም የሚል ሰው። ዶክተሯም አላውቅም፣ እሱም አላውቅም። ሁሉን የምታውቅ ያቺ የአዲስ አበባዋ ሻጭ ብቻ ናት።

እሑድ

ሰው መጣ። ከማንኪራ የእትዬ ወንድሞች ማር ይዘው መጡ፤ የጸሎት ጓደኞቿም መጡ። ቤቱ ሞላ። ሁሉም መድኃኒት ያውቃል። አንዱ ጥቁር አዝሙድ አለ፤ አንዷ ጸበል አለች፤ አንዱ ደግሞ ኬንያ ውሰዱት። ጋሼ ጥግ ተቀምጦ ለሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ብዙ አያወራም አሁን። ቃል ይመርጣል፤ አጭር አጭሩን።

እንግዶቹ ሲወጡ ያቶ ዋንግን ነገር ነገርኩት። አክስቱን ስጠራ እትዬ «አየሽ! ድናለች!» አለች። አባቱን አልሰማችም። ሰው የሚሰማውን ይሰማል። እኔስ ማክሰኞ ዕለት ሳነብ ያደረግኩት ይሄንኑ አይደል?

«አልተውም» አለ ጋሼ። «የእናንተ ሆስፒታል ጠብቅ ይለኛል። ይሄ ጠጣ ይለኛል። መጠበቅ ሰልችቶኛል፣ ምንትዬ እህቴ።»

ጉልበቱ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ትልቅ ሴትዮ፣ እንደ ሕፃን። እጁን ራሴ ላይ አድርጎ «ተነሺ፣ ወለሉ ይበርዳል» አለኝ። ቃሉን ግን አልቀየረም።

ጠላሁት ዛሬ። እውነቴን ነው፤ ለትንሽ ጊዜ ጠላሁት።

ሰኞ

ደም። ደም። ደም።

ቁርስ ላይ ነው። ለስላሳ አጥሚት እየጠጣ ነበር። አሳለው፤ ከዚያ ኩባያው ቀላ። በፎጣ ያዝን፤ ፎጣው ሞላ። እትዬ ጮኸች። ጎረቤት መኪናውን አስነሳ። የቁስል ማሰሪያ ጎዝ እብጠቱ ላይ አድርጌ በጣቴ ተጭኜ፣ አፉ ውስጥ እጄን እንዳስገባሁ ነው የቦንጋ ሆስፒታል የደረስነው። ዓይኑ ዓይኔ ላይ ነበር። መናገር አይችልም፤ እጄ አፉ ውስጥ ነው። ትንፋሹ መዳፌ ላይ ይሞቃል። ይሄ ሰው ነው ፊደል ያስቆጠረኝ።

ነርሶቹ ተረባረቡ። በመድኃኒት የተነከረ ጎዝ ጠቀጠቁለት፤ በደም ሥር ፈሳሽ ሰጡት። ደሙ ቆመ።

ዱቄቱን እየጠጣ ነው የደማው። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። መናገር አላስፈለገም። ልብስ ለማምጣት ከእትዬ ጋር ቤት ስንሄድ ፔርሙዙን አንስታ ወጣች፤ ጓሮ የእንሰቱ ሥር ልታፈሰው ነበር፤ ከዚያ አሰበችና «እንሰቱንም ይገድለው ይሆናል» ብላ ቦዩ ውስጥ ደፋችው። ሳቅ መጣብኝ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ሁለታችንም ቦዩ ዳር ተቀምጠን አለቀስን።

«ዝም ብዬ ማየት አቃተኝ እኮ» አለችኝ። «ሁሉም ጠብቁ ሲል፣ ሌላው ቢቀር የማፈላው ነገር ነበረኝ።»

እኔ ምን ላደርግ ነበር? ሚስቱ ብሆን እኔም አፈላለት ነበር።

ማክሰኞ

ጋሼ ደክሞታል። ፊቱ ገርጥቷል። ዱቄቱ መደፋቱን ስነግረው ግንባሩን ቋጠረ፤ ከዚያ እጁን አንስቶ መልሶ ጣለው። ይሁን ማለቱ ይሁን ተሸነፍኩ ማለቱ አልገባኝም።

ጅማ ደወልኩ። ለመንኩ። የደማውን ነገርኩ። ዶክተሯ «ቆይ» ብላ ስልኩን አስቀመጠች፤ ሰው ስታናግር ይሰማኛል። ተመልሳ «ነገ ይዛችሁት ኑ» አለችኝ።

ነገ!

ረቡዕ

ጅማ ነን። ጋሼ ከፊት ወንበር፣ እኔና እትዬ ከኋላ፤ የጎረቤት መኪና። ጎጀብን ስንሻገር ወንዙን ለማየት መስታወቱን አወረደ። ደፍርሶ ሞልቷል። ምንም አልደማም በመንገድ። እትዬ እስክንደርስ ድረስ መዝሙር በአፍንጫዋ እያዜመች ነበር፤ ዝም ስትል እኔ እጨነቅ ነበር።

ዶክተሯን በአካል ሳያት ወጣት ናት፤ ከእኔ ታንሳለች። ለጋሼ ፊት ለፊት ነገረችው፤ እንዳትነግረው አልጠየቅኳትም። «አባቴ፣ ይሄ አይነቀልም። ልናረጋጋው እንችል ይሆናል። ጨረሩ ደሙን ካቆመልን፣ ኩላሊቱ ከተመለሰልን፣ ኪኒኑ ከተገኘልን፣ ጊዜ እናገኛለን። ስንት እንደሆነ አላውቅም።»

«ሦስት 'ከ' ቆጠርኩ» አላት።

ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ግን ደስ ብሎታል፤ አውቀዋለሁ። ሙሉውን የሚነግረው ሰው አግኝቷል።

ስለ ቻይናው መድኃኒት ራሱ ጠየቃት። «ከተመለስኩ በኋላ ደህናውን ባገኝስ?»

«ምን እንዳለበት የሚያውቅ፣ እርስዎንም የሚያይ ሰው ካገኙ፣ ከመጠጣትዎ በፊት አብረን እናየዋለን። ብቻ አይደብቁኝ።»

እሺ አላት። እትዬ መሬት መሬት ታያለች።

ሐሙስ

የመጀመሪያው ጨረር ዛሬ። አጭር ነው፤ ከበሩ ውጭ የቆየነው ግን ረዥም መሰለን። ሲወጣ «ምንም አይሰማም፤ ሳንጀምር ያለቀ መስሎኝ» አለ።

መተላለፊያው ላይ ከቢታ ገነት በኩል የመጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ አማርኛው አልገባቸውም፤ ነርሷ ነገ ጾመው እንዲመጡ ትነግራቸዋለች፣ እሳቸው ዳቦ ያሳይዋታል። ጋሼ ተነሳ። «ተቀመጥ፣ አትናገር» አልኩት። አልሰማኝም። ምራቁን በመሐረብ ጠርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ እየተወላገደ፣ በካፊኖኖ ነገራቸው። እሳቸውም ጠየቁት፤ ለነርሷ መለሰላት። ምላሱ አመመው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሲቀመጥ ግን ጀርባው ቀና ብሎ ነበር።

አልተቆጣሁትም።

ዓርብ

የኩላሊቱ ምርመራ መጣ። ወርዷል። ትንሽ ነው የወረደው፤ ግን ወርዷል። ዱቄቱ ስለቀረ ነው? ፈሳሹ ስለገባለት ነው? ዶክተሯ «ሁለቱም ሊሆን ይችላል» አለች፤ እኔም ከእንግዲህ አልከራከርም። ኪኒኑ ገና አልተገኘም። ዛሬም ጨረር አለው።

ያረፍንበት ቤት ጠዋት እሱ ሊታጠብ ሲወጣ እኔና እትዬ ሳንነጋገር ወደ ትራሱ ሄድን። ደም ፍለጋ አገላበጥነው። ነጭ ነው። ጥጉ ላይ ብቻ አንዲት ቡናማ ነጥብ። «የደረቀ ነው፣ የቆየ» አለች። «አዲስ ነው» አልኩ። ወደ መስኮቱ ወሰድነው። «የቤቱ ነው፣ ከእኛ በፊት የነበረ!» አለች። እያሸተትን፣ በጥፍራችን እየፋቅን ስንጨቃጨቅ በር ላይ ቆሞ ያየናል፤ ፎጣው ትከሻው ላይ።

«እናንተ ሴቶች» አለ። «ዱቄቱ ሲያልቅ አሁን ደግሞ ትራስ?»

ሳቀ። አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ፤ ከዚያ እጁን አንስቶ መዳፉን አየ። እኛም አየን።

ምንም የለም። ለአሁን ምንም የለም።